ቆሻሻን ማቀድና መቍጠር፤ የካሊፎርኒያ መንግሥት ልምድና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

ደረቅ ቆሻሻ ስንል ከየቤቱ፣ ከየገበያው፣ ከየመሥሪያ ቤቱና ከመንገድ ተጠርጎ የሚወጣውን ጥራጊ ሁሉ ማለታችን ነው። ይህን ጥራጊ ከደጅ ማንሣት የማዘጋጃ ቤት ተግባር መሆኑን ማንም ያውቃል። ከማዘጋጃ ቤቱ በላይ ያለው የክልል መንግሥት ግን፣ መጥረጊያም ሆነ ጋሪ ሳይዝ፣ በዚህ ጉዳይ ምን ድርሻ አለው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እንዲህ ቀላል አይደለም። ድርሻው በሁለት ቃላት ይጠቃለላል፤ እነሱም ዕቅድና ሪፖርት ናቸው። ዕቅድ፣ የሚመጣው ቆሻሻ ምን ያህል እንደሚሆንና ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መወሰን ነው። ሪፖርት ደግሞ፣ የተወሰነው ነገር መፈጸሙንና አለመፈጸሙን በየጊዜው በቍጥር ማስታወቅ ነው።

ብዙ ሰው ሪፖርትን የጸሐፊዎች ጣጣ አድርጎ ይመለከተዋል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጥ ቤቱ ጀርባ የጥራጊ ጉድጓድ ነበረ። ተረኛ ተማሪዎች በየማታው ጥራጊውን ወስደን እንደፋለን፤ የተረኞቹ አለቃም በመዝገብ ላይ «ቆሻሻው ተጥሏል» ብሎ ይፈርማል። በመዝገቡ ላይ ከዓመት እስከ ዓመት አንድም ጕድለት አልታየበትም። ነገር ግን መዝገቡ ጉድጓዱ እየሞላ መሄዱ የሚጻፍበት ዐምድ አልነበረውም። በአንድ ክረምት ጉድጓዱ ሞልቶ ስለ ነበረ ጐርፉ ጥራጊውን ጠርጎ ወደ አትክልቱ ቦታ አወረደው። በዚያም ማታ የተጻፈው እንደ ወትሮው «ቆሻሻው ተጥሏል» የሚል ነበረ። መዝገቡ አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን አልመለሰም እንጂ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ነገር በመንግሥት ደረጃ ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የወሰድሁት የካሊፎርኒያን መንግሥት ነው። ምክንያቱም ይህ መንግሥት ከ30 ዓመታት በላይ ከተሞቹ ስለ ቆሻሻ ዕቅድ እንዲያወጡና በየዓመቱ ሪፖርት እንዲያቀርቡ በሕግ ሲያስገድድ የኖረ ነው፤ ደግሞም አቈጣጠሩን እየሳተ ደጋግሞ ያረመ ስለ ሆነ፣ ከስሕተቱም ከእርማቱም መማር ይቻላል። ከዚያ በኋላ ወደ አገራችን ተመልሰን፣ ከዚህ ልምድ የቱ እንደሚጠቅመንና የቱ እንደማይስማማን እንመረምራለን። የካሊፎርኒያን ነገር ስንናገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር፣ የአገራችንን ስንናገር ደግሞ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ዕቅዱ ምን ምን ይይዛል

በአሜሪካ ስቴት የሚባለው የእኛን ክልል የመሰለ፣ የራሱ ሕግ አውጪ ያለው መንግሥት ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በ1976 ባወጣው ሕግ አጠቃላይ መመሪያውን ሰጠ፤ በ1991 ባወጣው ደንብም የቆሻሻ መቅበሪያ ጉድጓድ ከሥሩ እንዲነጠፍ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ እንዲመረመር፣ ከተዘጋም በኋላ 30 ዓመት እንዲጠበቅ አዘዘ። ተራውን ቆሻሻ የማቀዱንና የመቈጣጠሩን ሥራ ግን ለየስቴቶቹ ተወው።

የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1989 ስለ ተቀናጀ የቆሻሻ አያያዝ ታላቁን ሕግ አወጣ። ሕጉ እያንዳንዱ ከተማና አውራጃ ወደ መቅበሪያ ከሚሄደው ቆሻሻ እስከ 1995 ከመቶ 25 እጁን፣ እስከ 2000 ደግሞ ከመቶ 50 እጁን እንዲያስቀር አዘዘ። የሥራውንም ቅደም ተከተል ወሰነ፤ በመጀመሪያ ቆሻሻው ከምንጩ እንዲቀንስ፣ ቀጥሎ የተጣለው ተመልሶ ሥራ ላይ እንዲውል ወይም በስብሶ ማዳበሪያ እንዲሆን፣ በመጨረሻም የተረፈው በጥንቃቄ እንዲቃጠል ወይም እንዲቀበር ነው።

እያንዳንዱ ከተማ ቆሻሻውን እንዴት እንደሚቀንስ የሚገልጽ የጽሑፍ ዕቅድ ማቅረብ ነበረበት። አውራጃው ደግሞ የከተሞቹን ዕቅዶች አንድ ላይ አሰናድቶ፣ ከዚህ ሌላ የመቅበሪያ ቦታን የሚመለከት ሰነድ ይጨምርበታል። በዚህ ሰነድ ውስጥ አውራጃው ቢያንስ ለ15 ዓመት የሚበቃ መቅበሪያ እንዳለው ማሳየት አለበት፤ ከሌለውም ከየት እንደሚያገኝ ወይም ቆሻሻውን ወዴት እንደሚልክ መግለጽ ግዴታው ነው። ሰነዱ የሚጸድቀው በአውራጃው ውስጥ ካሉት ከተሞች አብዛኞቹ፣ ያውም የከተማውን ሕዝብ አብዛኛውን ክፍል የያዙት፣ ሲስማሙበት ነው። ዕቅዱም በየ5 ዓመቱ ይመረመራል።

ይህን የ15 ዓመት ግዴታ አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ። ትርጕሙ፣ ጉድጓዱ ሞላ ተብሎ ከመጮሁ በፊት የሚቀጥለው ጉድጓድ ነገር በወረቀት ላይ እንዲነሣና እንዲከራከሩበት ማድረግ ነው። የጉድጓድ ክርክር ጊዜ ይፈጃል፤ ቆሻሻ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ቆሞ አይጠብቅም።

ለ. የመጀመሪያው አቈጣጠርና ችግሩ

ሕጉ ከመቶ 50 እጅ ይቅር ሲል፣ የምን ከመቶ 50 እጅ የሚል ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። ግማሹን ለማወቅ አስቀድሞ ሙሉውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሙሉው ማለትም የተቀበረውና ከመቀበር የዳነው ተደምሮ ነው።

የተቀበረውን ማወቅ ያን ያህል አያስቸግርም፤ መኪናው በመቅበሪያው በር ሲገባ በሚዛን ላይ ያልፋልና። የዳነውን ማወቅ ግን አስቸጋሪ ነው። ወረቀት የሚገዛ ነጋዴ፣ ብረት የሚሰበስብ፣ ቅጠል የሚያበሰብስ፣ ሁሉም በየራሱ መንገድ ይሠራል፤ ብዙው ነጋዴም የንግዱን ምስጢር ለማዘጋጃ ቤት መንገር አይወድም። ስለዚህ በ1992 ሕጉ ተሻሽሎ የሚከተለው ስሌት ተደነገገ። በ1990 አካባቢ የነበረው ጠቅላላ ቆሻሻ መነሻ ይሆናል፤ ይህም በሕዝቡ ቍጥር፣ በሥራ ላይ ባሉት ሰዎች ብዛትና በሽያጩ መጠን እየታረመ የዘንድሮው ጠቅላላ ቆሻሻ ይገመታል፤ ከዚህ ግምት ላይ በሚዛን የታወቀው የተቀበረው ቆሻሻ ሲቀነስ የቀረው እንደ ዳነ ይቈጠራል።

ይህ ስሌት ለወረቀት ቀላል ነው፤ ለእውነት ግን አደገኛ ነው። በመነሻው ዓመት የተገመተው ቍጥር ትንሽ ከተሳሳተ፣ ስሕተቱ በየዓመቱ እየተሸከሙት የሚሄዱት ዕዳ ይሆናል። በመነሻው ዓመት ቆሻሻው ከልክ በላይ በዝቶ የተገመተለት ከተማ ምንም ሳይደክም «ብዙ አዳንሁ» ይላል፤ ተቃራኒው የደረሰበት ደግሞ እየደከመ ሰነፍ ይባላል። ጕዳዩ የክብር ብቻ አልነበረም፤ ግዴታውን ያልፈጸመ ከተማ በቀን እስከ 10,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላልና።

ሐ. በመቅበሪያው በር ያለው ሚዛን

በ2008 የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች የግምቱን መንገድ ትተው አቈጣጠሩን አቃለሉት። ከዚያ ወዲህ የሚጠየቀው የዳነው ስንት ነው የሚል ሳይሆን፣ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ስንት ተቀበረ የሚል ሆነ። ለስቴቱ በጠቅላላ የግማሹ ግዴታ የሚመዘነው በሰው በቀን 6.3 ፓውንድ በሚለው ልክ ነው፤ ይኸውም 2.86 ኪሎ ያህል ነው።

አሠራሩን በምሳሌ ላስረዳ። እንበልና አንድ ከተማ 100,000 ነዋሪዎች አሉት፤ በቀንም 100 ቶን ይቀብራል። ይህም ለአንድ ሰው 1 ኪሎ ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነዋሪው 120,000 ሆኖ የሚቀበረው 108 ቶን ቢደርስ፣ ጠቅላላው ጨምሯል፤ የአንድ ሰው ድርሻ ግን ወደ 900 ግራም ወርዷል። ስለዚህ ከተማው በማደጉ አይወቀስም፤ በአባካኝነቱ ብቻ ይጠየቃል። ቍጥሩም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። መሥሪያ ቤቱ ቍጥሩን እንደ ምልክት ይዞ፣ ከተማው በዕቅዱ ላይ የጻፈውን ሥራ በእውነት መሥራቱን ይመረምራል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዕቃ በመቅበሪያው በር ላይ ያለ የመኪና ሚዛንና አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ጥያቄውም «ይህ ጭነት ከየትኛው ከተማ መጣ?» የሚል ነው። ሾፌሩ ይመልሳል፤ መዝጋቢው ይጽፋል፤ የመቅበሪያው ባለቤት ለአውራጃው፣ አውራጃውም ለስቴቱ ሲያስተላልፍ ኖረ። ስቴቱ በሚቀበረው በእያንዳንዱ ቶን ላይ 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ያስከፍል ስለ ነበረ፣ ያው ሚዛን የገንዘብ መቀበያም የሪፖርት ማረጋገጫም ሆኖ አገልግሏል። ገንዘብ የሚከፈልበት ቍጥር በቸልታ አይጻፍም።

መ. በቃል ፍቺ ውስጥ የተሸሸገው ክምር

ሆኖም ሚዛን ብቻውን እውነትን አያወጣም፤ የቃላቱም ትርጕም መጠበቅ አለበት። ይህን የሚያሳዩ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የመሸፈኛው ነገር ነው። በመቅበሪያ ቦታ የዕለቱ ቆሻሻ ማታ ማታ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው አፈር ይሸፈናል፤ ይህም ዝንብን፣ አይጥንና እሳትን ለመከላከል ነው። በካሊፎርኒያ በአፈር ፈንታ የተፈጨ ቅጠልና ሣር መጠቀም ተፈቀደ፤ ያ ቅጠል ደግሞ «ከመቀበር የዳነ» ተብሎ ይቈጠር ነበር። እንግዲህ ቅጠሉ ወደ ጉድጓዱ ገብቷል፤ በቆሻሻ ላይ ተነጥፏል፤ በማግሥቱም ሌላ ቆሻሻ ተደፍቶበታል፤ በሪፖርቱ ግን አልተቀበረም። ይህ በ2014 በወጣ ሕግ ተሽሮ፣ ከ2020 መጀመሪያ አንሥቶ እንዲህ ያለው ቅጠል እንደ ተቀበረ እንዲቈጠር ተደረገ።

ሁለተኛው የቃሉ ፍቺ ነው። በ2011 ስቴቱ እስከ 2020 ከቆሻሻው ከመቶ 75 እጁ ተመልሶ ሥራ ላይ እንዲውል ግብ አደረገ፤ መሸፈኛ የሆነውንና የተቃጠለውን ግን ከዚህ ቍጥር አወጣ። በዚያን ጊዜ በአሮጌው ፍቺ ከመቶ 65 እጅ ያህል ድኗል ይባል የነበረው በአዲሱ ፍቺ ወደ ግማሽ ወረደ። ክምሩ ያው ነው፤ ቃሉ ብቻ ተለወጠ። ግቡም አልተደረሰበትም፤ በ2020 ቍጥሩ ከግማሽ በታች ነበረ።

ለዚህም አንዱ ምክንያት የውጭ አገር ገበያ ነው። የካሊፎርኒያ ከተሞች ከሰበሰቡት ወረቀትና ፕላስቲክ ብዙው በመርከብ ወደ ቻይና ይሄድ ነበር። ቻይና በ2017 አስታውቃ ከ2018 መጀመሪያ አንሥታ የተደባለቀ ቆሻሻ አልቀበልም ስትል፣ «ዳነ» ተብሎ ይጻፍ የነበረው ዕቃ ገዢ አጣ። ስቴቱም በ2015 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ መቅበሪያዎች ብቻ ሳይሆኑ ዕቃውን የሚገዙ፣ የሚያበሰብሱና ወደ ውጭ የሚልኩ ሁሉ በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት እንዲያደርጉ አዘዘ። በ2016 ደግሞ የሚበሰብሰው ቆሻሻ መቀበሩ በ2014 ከነበረው እስከ 2025 ከመቶ 75 እጅ እንዲቀንስ ሌላ ሕግ ወጣ። ይህ ቆሻሻ ያለ አየር ከተቀበረ ሜቴን የሚባለውን ጋዝ ያወጣልና።

ሠ. ወደ አገራችን ስንመለስ

በአገራችንም ክልሎች ዕቅድና ሪፖርት እንዲያዘጋጁ የሚል ቃል በሕግ ተጽፏል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቍጥር 513/1999 በ5ኛው አንቀጹ ሁለት ነገር ይደነግግ ነበር። የመጀመሪያው፣ የከተማ አስተዳደሮች ዕቅዳቸውን ሲያወጡና ሲፈጽሙ ዝቅተኛው የአስተዳደር እርከንና ነዋሪው ሕዝብ ተካፋይ መሆናቸውን እንዲያረጋግጡ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ክልል ወይም የከተማ አስተዳደር የራሱን የጊዜ ሰሌዳ አውጥቶ ዕቅዱንና የአፈጻጸሙን ሪፖርት እንዲያዘጋጅ ነው። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከካሊፎርኒያው ሕግ ጋር ሲተያይ፣ በዚህ አንቀጽ ሪፖርቱ ምን ዓይነት ቍጥር እንዲይዝ፣ መቅበሪያውም ለስንት ዓመት እንደሚበቃ እንዲገለጽ አልተጠየቀም።

ይህ የሕግ ተማሪ ክርክር ብቻ አለመሆኑን የአዲስ አበባ ታሪክ ያስረዳል። ቆሼ በሚባለው ስፍራ የከተማው ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ተከምሯል። ስፍራው ስለ ሞላ፣ በሰንዳፋ አዲስ መቅበሪያ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ቦታው በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፤ ቆሻሻው ግን የአዲስ አበባ ነው። በአካባቢው ያሉት ገበሬዎች ስለ ሽታው፣ ስለ ውሃቸውና ስለ ከብቶቻቸው አቤቱታ አሰሙ፤ መኪናዎቹም እንዳያልፉ ተቃወሙ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራው ቆሞ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሼ ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከነሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በአገሪቱም የ3 ቀን ኀዘን ታወጀ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከክምሩ አጠገብ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ጣቢያ ተመረቀ።

ከዚህ አደጋ አንድ ምክንያት ብቻ ነጥሎ ማውጣት አይገባም። ሆኖም ሪፖርትን በሚመለከት አንድ ነገር ግልጽ ነው። «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ቆሻሻ ከየሰፈሩ ተነሣ» የሚል ሪፖርት ቍጥሩ ባደገ መጠን ሥራው እንደ ተሻሻለ ያስመስላል። ያው ቍጥር ግን የክምሩ ከፍታ ነው። ከደጅ የተነሣውን ብቻ የሚጠይቅ ሪፖርት፣ ክምሩ ስንት ሜትር እንደ ደረሰ፣ ከሥሩ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ የሚቀጥለው ቦታ ባለቤቶች ተጠይቀው እንደ ሆነ አይናገርም። የትምህርት ቤታችን መዝገብ እንዳልተናገረው ማለት ነው።

ረ. ለእኛ የሚስማማው አቈጣጠር

እንግዲህ የካሊፎርኒያን የበር ሚዛን እንዳለ እንውሰድ ወይ? በአንድ በኩል ለእኛ ከሌላው ይልቅ የሚመች ነው። በከተሞቻችን ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና አሮጌ ጫማ በየሰፈሩ እየጮኸ የሚገዛው ቁራሌው ነው፤ ዕቃ በዕቃ የሚለውጠው ልዋጭ ነው፤ ባዶ የውሃ ላስቲክ የሚለቅሙትም ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ፎርም ሞልተው የገዙትን ያስታውቁ ቢባል አይሆንም። በመቅበሪያው በር ብንመዝን ግን፣ እነሱ የወሰዱት ከሚዛኑ ላይ ስለማይደርስ፣ ሥራቸው ሳይጠየቁ ይቈጠርላቸዋል።

በሌላ በኩል ትልቅ አደጋ አለበት። በካሊፎርኒያ የሚጣለው ከሞላ ጐደል ሁሉ ወደ በሩ ይመጣል። በእኛ ግን ወደ ወንዝ የሚጣል፣ በቦይ የሚወሸቅ፣ በየጓሮው የሚቃጠል አለ። የበሩን ሚዛን ብቻ ብንከተል፣ ቆሻሻውን ሳያነሣ የተወ ከተማ ትንሽ ስለ ቀበረ ምስጉን ይሆናል። ስለዚህ ለእኛ የሚስማማው ሚዛኑን በሁለት ቦታ ማቆም ይመስለኛል፤ አንዱን በመቅበሪያው በር፣ ሌላውን በቤት ደጅ።

የቤት ደጁ ሚዛን ከባድ ነገር አይደለም። ከሀብታሙም፣ ከመካከለኛውም፣ ከድኻውም ሰፈር በዕጣ ቤቶች ይመረጣሉ። ለየቤቱ ማዳበሪያ ጆንያ ይሰጣል። የመጀመሪያው ቀን ጥራጊ የቈየ ስለሚገኝበት አይቈጠርም፤ ከዚያ በኋላ በተከታታይ 7 ቀን ይመዘናል። የተገኘው ኪሎ በቤተ ሰቡና በቀኑ ቍጥር ሲካፈል የአንድ ሰው የዕለት ቆሻሻ ይታወቃል። ይህ ከከተማው ሕዝብ ጋር ከተባዛ የሚወጣው ጠቅላላ ይገመታል። ከጠቅላላው ላይ በበሩ የተመዘነው፣ ከዚያም ቁራሌውና አበስባሹ የወሰዱት ሲቀነስ፣ የቀረው የጠፋው ነው፤ ይኸውም በወንዝና በቦይ ያለው ነው። በሪፖርታችን ላይ የራሱ ዐምድ ሊኖረው የሚገባው ይህ የጠፋው ቆሻሻ ነው እላለሁ።

አንድ ሳምንት ብቻ መመዘንም አይበቃም። በክረምት ጥራጊው ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ በነሐሴና በመስከረም የበቆሎ ቅርፊት ይበዛል፤ በበዓል ሰሞን ቄጠማና የእርድ ተረፈ ነገር አለ፤ በጾም ጊዜ ሌላ ነው፤ ጫት በሚቃምበት ሰፈር ደግሞ ገረባው ብቻውን ጆንያ ይሞላል። ስለዚህ ቢያንስ በበጋና በክረምት፣ በጾምና በፍስክ መመዘን ያስፈልጋል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተነገረው በአጭሩ ይህ ነው። የክልል መንግሥት ቆሻሻን በእጁ አያነሣም፤ የሚያነሡትን ግን በሚጠይቀው ጥያቄ ይመራቸዋል። ስንት አነሣችሁ ካለ ያነሣሉ፤ ስንት አዳናችሁ ካለ የማዳንን ፍቺ ያሰፋሉ፤ ለአንድ ሰው ስንት ቀበራችሁ፣ የቀረው ቦታ ለስንት ዓመት ይበቃል፣ በቦታው ዙሪያ ያሉት ሰዎች ምን አሉ ካለ ግን ክምሩን ራሱን ለመመልከት ይገደዳሉ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ የደረቅ ቆሻሻ ዐዋጅ አጽድቋል፤ ክልሎችም ይህን ለማስፈጸም ደንብና የሪፖርት ፎርም ሲያዘጋጁ እነዚህን ዐምዶች ቢጨምሩ ዋጋው ጥቂት ነው።

ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼም ከዚህ ሥራ የምንካፈልበት መንገድ አለ። ጆንያና የእጅ ሚዛን ይዘን ከኮሌጃችን ወጥ ቤትና በዙሪያችን ካሉት ጥቂት ቤቶች ብንጀምር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የራሳችን የሆነ ቍጥር ይኖረናል። መምህራኖቻችንም አመዛዘኑን ቢመሩንና በጽሑፌ ውስጥ ያለውን ስሕተት ቢያርሙልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ለመጀመር የምመርጠው ወር ነሐሴ ነው፤ ጥራጊው ከባድ የሚሆነው፣ ክምርም የሚናድበት ዝናብ የሚበረታው በዚያን ጊዜ ነውና።